በመስኮት የሚነገር ውጤት

ታኅሣሥ 5 ቀን 1957

ዛሬም እንደ ትናንቱ። ዓይነ ምድር፣ ሽንት፣ አክታ፣ እንደገና ዓይነ ምድር። አንዱ በክብሪት ቀፎ፣ አንዱ በጉሎ ቅጠል ጠቅልሎ። አንዷ ደግሞ ቅል ሙሉ ተሸክማ መጣች። ቅል ሙሉ! ምን ላደርግበት መሰላት? ማሳ ላዳብርበት? የባቄላ ፍሬ የሚያህል ይበቃል ብዬ ስንት ጊዜ ተናገርኩ። አንድ ሽማግሌ ሽንታቸውን በጨርቅ አጥልለው አመጡልኝ። ለምን ስላቸው "ቆሻሻ ነገር ለሰው እንዴት ይሰጣል?" አሉኝ።

ይህ ነው እንግዲህ ዳንግላ። ጎንደር በላብራቶሪ ሙያ ስንመረቅ የአገራችሁ ዓይን ትሆናላችሁ ተብለን ነበር። ዓይን ሆንኩ... የማየው ግን ይኸው ነው።

ያለችኝ አንዲት ክፍል። ጠረጴዛ፣ ማይክሮስኮፕ፣ የአዮዲን ጠርሙስ፣ መስኮት። መብራት ስለሌለ የማይክሮስኮፑን መስተዋት ወደ መስኮቱ አዙሬ በፀሐይ ነው የማየው። ደመና ሲሆን ሥራ ይቆማል፣ ሕዝቡም ደመናውን እኔ የጠራሁት ይመስል ያፈጥብኛል።

ውጤት የሚነገረውም በዚያው መስኮት ነው። ማንበብ የሚችል ስለሌለ አለቃችን፣ የጤና መኮንኑ አቶ አስማረ ያወጣው ዘዴ ነው። እኔ ስም ጠርቼ ያየሁትን እናገራለሁ፣ ዘበኛው አበረ በአገውኛ ይደግመዋል፣ ግቢ ሙሉ ሰው ይሰማል። "እገሌ፣ ወስፋት!" "እገሊት፣ ኮሶ!" ኮሶ የተባለው ፈገግ ብሎ ይሄዳል። እርግጥ አዲስ አበባም ኮሶ ይጠጣል። እዚህ ግን ሹመት ያገኙ ነው የሚመስሉት።

እውነቱን ለመናገር ያቺን ሰዓት እወዳታለሁ። ከላይ ሆኜ እጠራለሁ፣ ከታች አንጋጠው ይጠብቃሉ። ከቀኑ ውስጥ ደስ የምትለኝ እሷ ብቻ ናት።

ታኅሣሥ 11 ቀን

ደመና። ሥራ የለም። ተመስገን።

ታኅሣሥ 19 ቀን

የቤት አከራዬ ወይዘሮ ካሳነሽ ውሃ የምጠጣበትን ጣሳ ለብቻው ምስማር ላይ ሰቅላዋለች። ለምን ብዬ ጠየቅኳት።

"እንዲያው ነው አቶ ምህረቴ... እጅዎ ብዙ ነገር ስለሚነካ።"

እጄ! በቀን ስንት ጊዜ በሳሙና እንደምታጠብ ብታውቅ። የራሷን ጥፍር በማይክሮስኮፕ ባሳያት እስከ ፋሲካ እህል አትቀምስም ነበር።

ለካ ስም አውጥተውልኛል። አበረ አፍሮ አልነግርም ሲል ቆይቶ ዛሬ ነገረኝ። "አር ቆጣሪው" ነው የሚሉኝ። ይሁን። እነሱ እኔን ይናቁ፣ እኔም እነሱን። ማን እንደሚያተርፍ እናያለን።

ታኅሣሥ 26 ቀን

ለወባ ምርመራ ጣት ልወጋ ስል አንዱ ጎረምሳ በመስኮት ዘሎ ሄደ። ደሜን ሊሸጠው ነው አለ አሉ። ማን ይገዛዋል? እኔ በነጻ ቢሰጡኝም አልፈልግ።

ከአቶ አስማረ ጋር ምሳ በላሁ። ስለ አደንና ስለ በቅሎ ሲያወራ ዋለ። ውጤት ስልክለት አይቶ ኪሱ ይከተዋል እንጂ አንድ ቀን እንኳ መጥቶ በማይክሮስኮፑ ልይ ብሎ አያውቅም። ከሱ ይልቅ አበረ ይጠይቃል። "ምን ይመስላል? እግር አለው? ዓይንስ?" ሽማግሌ ዘበኛ... ምን ሊጠቅመው?

ጥር 3 ቀን

ዛሬ ጉድ ነው ያየሁት።

ከአዘና በኩል ግራዝማች አድማሴ የሚባሉ ባለ ርስት በቃሬዛ መጡ። ከፊት ፈረሰኛ፣ ከኋላ ፈረሰኛ። አገው ያለ ፈረስ መታመም እንኳ አይሆንለትም። ሰውየው ከመስቀል ወዲህ ደም ያስቀምጣቸዋል። አጥንታቸው ብቻ ነው የቀረው። ሴት ልጃቸው ውቢት በየካቲት ልትዳር ስለሆነ የሙሽራው አባት ባላምባራስ ነጋም አብረው መጥተዋል። ለማስታመም ይሁን ለመሰለል እንጃ።

የግራዝማች ባለቤት ወይዘሮ ዋጋዬ የባላቸውን ዓይነ ምድር በምን እንዳስመጡልኝ... በሙዳይ! በሚያምር የስፌት ሙዳይ፣ ከላይ ነጭ ጨርቅ ጣል ተደርጎበት፣ አሽከር ተሸክሞት። ሽቶ ነበር የመሰለኝ። ከፈትኩት፤ ከአዘና ተነስቶ የመጣ፣ የደረቀ። መለስኩት። አሜባ ሲቀዘቅዝ ይሞታል፣ ትኩሱን ነው የምፈልገው አልኩ። ሙዳዩ በመጣበት ክብር ተመለሰ።

ትኩሱ ከኛው ሽንት ቤት መጣ። ደምና ንፍጥ። አየሁት። አሜባው እየተንፏቀቀ፣ የዋጠው ቀይ ደም በውስጡ እየታየ... እንዲህ ጥርት ያለ ጎንደርም አላየሁም። ደስ አለኝ። ሰውየው ይሙት ይዳን ሳላስብ ደስ አለኝ።

መስኮቱን ከፈትኩ። "ግራዝማች አድማሴ፣ አሜባ! መርፌ!" አበረ ደገመው።

"ኮሶስ?" አሉ ወይዘሮ ዋጋዬ ከታች።

"ኮሶ የለም።"

"የለም ስትል?"

"የለም ነዋ እሜቴ። አንዲት እንቁላል እንኳ። ግራዝማች ከኮሶ ንጹሕ ናቸው፣ እንኳን ደስ አለዎ።"

 ከዚያ ከኋላ አንዱ ሳቀ። ሌላው ተከተለው። ባላምባራስ ነጋ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ፈረሳቸው ወዳለበት ሄዱ።

"ምነው እንዲህ አደረጉ?" አለኝ አበረ ሰዉ ሲበተን።

"ምን አደረግሁ?"

"ኮሶ የሌለበት ሰው እኮ ሥጋ ያልደረሰው ሰው ነው። ሰንጋውን እየሸጠ ጎመን የሚበላ። ይኸን አማች ፊት ይሉታል?"

ከት ብዬ ሳቅኩ። ሰውየው በደም ተቅማጥ እያለቀ፣ የሚያሳፍረው ግን በሆዱ ትል አለመኖሩ! ሦስት ወር ሙሉ አጥሚት ብቻ እየጠጣ ከየት ይምጣለት?

ለነገሩ "አልታየም" እንጂ "የለም" አይባልም። አስተማሪያችን "በአንድ ስላይድ የለም የሚል ሰው ስላይዱን ይዋጠው" ይለን ነበር። ግን ለነዚህ ይህን ማስረዳት... ጊዜዬን ከየት ላምጣ?

ጥር 4 ቀን

ግራዝማች መርፌውን እምቢ አሉ። አቶ አስማረ እሳቸው ያረፉበት ዘመድ ቤት ድረስ ሄዶ ለመናቸው። "ስሜን ያጠፋ ልጅ ባዘዘው ክንዴን አላስወጋም" አሉት። ያዘዘው እሱ፣ የተረገምኩት እኔ።

ተመልሶ ጮኸብኝ። "አፍህን ሰብስብ። እኔ ነገ ለፈንጣጣ ክትባት ወደ ቆሰበርና ጥርባ እወጣለሁ። እስክመለስ የሚያግባባቸው ሽማግሌ ፈልግ። መርፌው ከተጀመረ ይድናሉ።"

እኔ? ሽማግሌ ላኪ? የተማርኩት ለዚህ ነው?

አልፈለግኩም።

ጥር 6 ቀን

ሙዳዩ ተመለሰ።

አሁን የያዙት ወይዘሮ ዋጋዬ ራሳቸው ናቸው። ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፣ ዓይናቸውን ከመሬት አላነሡም።

"ያን ቀን ደህና አድርገህ አላየኸውም። እንደገና እየው።"

"የግራዝማች ነው?"

"የማን ሊሆን ነው?"

ወደ ግቢው ወጡ። ከፈትኩት። ትኩስ ነው። ቅርጹን የያዘ፣ ጎረምሳ የሚቀናበት። ደም የለው፣ ንፍጥ የለው። ከመስቀል ጀምሮ ደም ያስቀመጠው ሰው... በሦስት ቀን? ማይክሮስኮፕም አያስፈልገውም ነበር። ለወጉ አየሁት። የኮሶ እንቁላል እዚህም እዚያም።

"ይህ የግራዝማች ከሆነ እኔ ጳጳስ ነኝ" አልኩት አበረን።

አበረ አልሳቀም። "እንግዲያ ይንገሯቸዋ። የራሳቸውን ያምጡ ይበሏቸው።"

"ያመጡትን አያለሁ። የማን ነው እያሉ ማጣራት የፖሊስ ሥራ ነው።"

"አቶ ምህረቴ..."

"ይልቅ ውጣና ሰዉን ሰብስብ።"

መሰብሰብም አላስፈለገ። ባላምባራስ ነጋን አስጠርተዋቸው ግቢው መሀል ቆመዋል። መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩ። እንደ አዋጅ ነጋሪ ድምፄን ከፍ አድርጌ "ግራዝማች አድማሴ! ኮሶ! ሞልቷቸዋል!" አልኩ። አበረ ደገመው፣ በጣም ቀስ ብሎ። ቢሆንም እልልታው ቀለጠ። በአንጀት ትል እልል የሚባልበት አገር! ባላምባራስ ቀርበው ለወይዘሮ ዋጋዬ እጅ ነሱ። እሳቸው ግን እልልታው መሀል ቆመው መስኮቱን ብቻ ያዩ ነበር። ምን ይጠብቃሉ? እኔ ከመስኮቱ ሥር ጎንበስ ብዬ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።

የለመኑትን ሰጠኋቸው። ይበቃቸዋል።

አመሻሽ ላይ አበረ ቤቴ መጣ። ገብቶም አያውቅ። ግራዝማች ነገ ጠዋት አማቻቸው ባሉበት ኮሶ ሊጠጡ ነው አለ።

"በዚህ ጉልበታቸው ይችሉታል?"

ኮሶ ጤነኛውን እንኳ ቀኑን ሙሉ ያጣድፈዋል። ይህን አበረም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

"የፈለጉት እሱን አይደል? ይጠጡ" አልኩት።

ቆሞ አየኝና ሄደ።

ጥር 7 ቀን

ጠዋት ጠጥተዋል። ወዲያው ነው የጀመራቸው። ከቀትር በኋላ ደም ብቻ ሆነ አሉ። ሰው ልከው ጠሩኝ። አቶ አስማረ ጥርባ፣ እኔ ምን አደርጋለሁ?

ሄድኩ። ከደጅ ቆምኩ። ከውስጥ የግራዝማች ድምፅ ይሰማል፣ የልጅ ድምፅ ነው የሚመስለው።

"ማነው እሱ? ያ የመስኮቱ ልጅ ነው? አስገቡት። ስሜን መልሶልኛል።"

እኔ የላብራቶሪ ሰው ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም አልኳቸው በር ላይ ላሉት። ውሃ በጨውና በስኳር ስጧቸው አልኩ። ተመለስኩ። አልገባሁም።

ጥር 8 ቀን

ግራዝማች አድማሴ ሊነጋጋ ሲል አረፉ።

ጥር 9 ቀን

ትናንት አስከሬኑን ወደ አዘና ሲወስዱት በኛ ደጅ ነበር ያለፉት። ፈረሳቸው ጋሻቸው ተጭኖበት፣ ያለ ጋላቢ ከፊት ይመራል። በሽተኞቹ ሁሉ ተነሥተው ቆሙ። አበረም ባርኔጣውን አወለቀ። እኔ ስላይድ አጥብ ነበር። የታጠበውን ደግሜ አጠብኩ።

ጥር 12 ቀን

አቶ አስማረ ተመለሰ። ቀጥታ ወደኔ ክፍል ነው የመጣው።

"አሜባ ያልከው ሰው እንዴት ኮሶ ሆነ?"

"ያመጡትን ነው ያየሁት።"

"ደም ነበረው?"

"አልነበረውም።"

"እና?"

"እና ምን?"

 ከዚያ ኮፍያውን ይዞ ወጣ። እሱም ያው ነው! በሽተኛ አስተኝቶ ዘመቻ የሚወጣ ሐኪም እኔን ሊመረምር! ጥፋቱ የማን ነው? የሴትዮዋ ነው። በገዛ እጇ ለወጠች፣ በገዛ እጇ አጠጣች። ድንቁርና ነው የገደላቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሲገድላቸው የኖረ ድንቁርና... እኔ ሳልመጣ የጀመረ። እኔ አይደለሁም።

ጥር 23 ቀን

የጊዮርጊስ ለት የፈረስ ጉግስ ነበር። ከተማው ሁሉ ወጥቷል። አልሄድኩም። ባላምባራስ ነጋ ሠርጉን ሰረዙት ይባላል። ልጅቷ ሐዘን ላይ ነች ብለው ነው። አበረ ግን ግራዝማች ከሞቱ የሚጠቅም ዝምድና አልታያቸውም ነው የሚለው። ይኸው! ለኒህ ሰውዬ ነበር ያ ሁሉ እልልታ።

አበረ ከሥራ ውጪ አያናግረኝም። "አሜባ እግር አለው?" ማለትም ትቷል። ምን ገዶኝ።

ጥር 28 ቀን

እንቅልፍ የለኝም። ጨጓራዬ ይሆናል።

የካቲት 9 ቀን

ወይዘሮ ዋጋዬ መጡ።

ፀጉራቸውን ተላጭተዋል፣ ጥቁር ለብሰዋል። አሽከር የለ፣ ሙዳይ የለ። በጉሎ ቅጠል ጠቅልለው እንደማንኛዋም ባላገር ሰልፍ ይዘው ነው የጠበቁት። ቀድመው ይግቡ ብሎ አበረ ሲለምናቸው እምቢ አሉ። ተራቸው ሲደርስ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

"ይኼ የኔ ነው" አሉ። "ደም ማየት ከጀመርሁ ሰንብቻለሁ። እሱን የያዘው ነው የያዘኝ።"

ቅጠሉን ወደኔ ሳብኩት።

"ያኛውም የኔ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

ከአፌ አመለጠኝ። ቀና ብለው አዩኝ። በመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን በደንብ ያየሁት ያኔ ነው።

"መቼ አወቅህ?"

መዋሸት እችል ነበር። ከሞቱ በኋላ ነው ልል እችል ነበር። አበረ በሩ ላይ ቆሟል።

"ያኔውኑ። ገና ስከፍተው።"

ይጮሃሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልጮሁም። በሽተኛ የሚቀመጥበት ዱካ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"እኔ እኮ እሳት ላይ ቆሜ ነበር የጠበቅሁህ" አሉ። "ሰው እንዳይስቅበት ብዬ አመጣሁት፣ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። ይኸ መስተዋት የሰውን ሆድ የሚያይ ከሆነ የኔ መሆኑን ያያል፣ አሁን ይቆጣኛል፣ አሁን ያባርረኛል ብዬ። ብትቆጣኝ እኮ ሮጬ የሱን ላመጣ ነበር። አንተ እልል አስባልህልኝ። መስተዋቱ የኔን ከሱ ካልለየ በሽታው ለቆት የሱም እንደኔ ሆኗል ማለት ነው ብዬ አመንሁ። በእጄ ወቅጬ አጠጣሁት።"

 ድንቁርና ነው ልበላቸው? ያን ቃል በዚህ ደብተር ስንት ጊዜ ጻፍኩት። 

ቅጠሉን ፈታሁ። ደም፣ ንፍጥ። መስተዋቱን ወደ ፀሐይ አዞርኩ፣ ስላይዱን ደግሜ ሠራሁት። አሜባው አለ። ያው እንደ ግራዝማች፣ ደም ውጦ ይንፏቀቃል። ደስታ ምንም።

"አሜባ ነው" አልኳቸው እዚያው አጠገባቸው፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። "መርፌው ያድንዎታል። አቶ አስማረ ዛሬውኑ ይጀምርልዎታል።"

"በመስኮት ተናገረው።"

"ሰሙ እኮ እሜቴ..."

"እኔ ሰማሁ። እነሱ አልሰሙም። የኔን ተናገር፣ ከዚያም የሱን። አንተ ካወጅህ ወዲህ ደም የሚያስቀምጠው ሁሉ ኮሶ እየወቀጠ ነው። ግራዝማችም በኮሶ ነው የታመመው፣ ዘግይቶ ስለጠጣ ነው የሞተ እያሉ። አንዲት አራስ ባለፈው ሳምንት ቀበርን።"

አላውቅም ነበር። በምን ልወቅ? ከዚህ መስኮት ወጥቼ አላውቅ።

መስኮቱን ከፈትኩ። ገበያ ቀን ስለሆነ ግቢው ጢም ብሏል። አበረ ወርዶ ከታች ቆመ።

"ወይዘሮ ዋጋዬ፣ አሜባ" አልኩ። ደገመው። "ግራዝማች አድማሴም አሜባ ነበረባቸው። ያን ቀን ኮሶ ያልኩት የሌላ ሰው ነው። ኮሶው ነው የጎዳቸው። ደም የሚያስቀምጠው ሰው ኮሶ አይጠጣ፣ ወደዚህ ይምጣ።"

አንድ ነገር ይቀረኝ ነበር። የሌላ ሰው መሆኑን ያኔውኑ አውቄ ነበር፣ አውቄ ነው እልል ያስባልኳችሁ። ልለው አፌን ከፈትኩ... አልወጣም። መዳፌን የመስኮቱ ደፍ ላይ አሳረፍኩ።

አበረ በአገውኛ ጀመረ። እኔ ከተናገርኩት ይልቅ ረዘመ። ቋንቋውን አልችለውም፣ ግን የቱ ጋ እንደደረሰ አወቅኩ። ሰዉ መጀመሪያ ወይዘሮ ዋጋዬን ነበር የሚያየው። በኋላ አንድ በአንድ ወደኔ ዞረ፣ ሴቱም ወንዱም፣ ቃሬዛ ላይ ያለውም። እኔ ያስቀረሁትን እሱ ጨምሮበታል። ምን ይከለክለዋል? ያን ማታ ቤቴ ድረስ መጥቶ የለመነኝ እሱ ነው።

የተሳደበ የለም። ድንጋይ ያነሣ የለም። አዩኝ ብቻ። እኔ ከላይ ሆኜ ሳያቸው እንደኖርኩት።

"ቀጥሎ የማን ተራ ነው?" አልኩ።

አበረ ደገመው። ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም።